የዘጠኝ ዓመት ማህደር

ሌባው ላፕቶፑን አልነካውም።

ኢንስፔክተር ኔሊዳ ታርዲቲ ማክሰኞ ጠዋት የክፍል ቁጥር አራት ደፍ ላይ ቆማ በመጀመሪያ የመዘገበችው ይህንን ነው። ላፕቶፕ፣ ጠረጴዛ ላይ። የወርቅ ሐብል፣ መስኮቱ ሥር ካለች ሳህን ውስጥ። አዲስ ቦት ጫማ፣ አልጋው ሥር። ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። በሩም አልተፈለቀቀም። የቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ግን አቧራ ያላረፈበት ባዶ ቦታ አለ። ኔሊዳ ከቦርሳዋ ማስመሪያ አውጥታ ለካችው፤ ሠላሳ አምስት በሃያ አምስት ሳንቲሜትር።

“እዚህ ምን ነበር?”

“የዘጠኝ ዓመት ኑሮዬ ነበር” አለች የክፍሉ ተከራይ።

ዶክተር ሚርላንድ ኤስቲሜ ሕክምና ልትማር ከሄይቲ ወደ ሮዛሪዮ ከተማ ስትገባ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃያ ዘጠኝ ሆኗታል። አነጋገሯ የከተማው ልጅ አነጋገር ነው፤ የቃላቱን መጨረሻ ትውጣቸዋለች።

“ሰማያዊ ማህደር ነው፤ እንደ ጡብ የወፈረ። የእያንዳንዱ ፈተና ማህተም ያለበት የተማሪ ደብተሬ፣ በየዓመቱ የታደሰው ጊዜያዊ ፈቃዴ፣ የክትባት ካርዴ፣ የደም ልገሳ ካርዴ። በየአራት ወሩ ደም ሰጥቻለሁ። እዚህ ሳልኖር እዚህ ደም ልሰጥ አልችልም አይደል?”

“ቅጂ የለሽም?”

“ቅጂማ ሞልቷል። ኢሚግሬሽን የሚያየው ዋናውን ነው። ቀጠሮዬ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ካለፈኝ ሌላው ከሁለት ወር በኋላ ነው።”

“ሁለት ወር ብትጠብቂስ?”

“ሥራው ያመልጠኛል። የሕፃናት ሐኪም ለመሆን ተፈትኛለሁ። ሆስፒታሉ የሚቀበለው ስምንት ሰው ነው፤ እኔ ስምንተኛ ነኝ። ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከቴንና መዝገቤ ሙሉ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት እስከ ዓርብ ቀትር ካላስገባሁ ስሜ ይሰረዛል።”

ከኋላ የቆመው ሳጅን ኦቪዲዮ ማይዳና ጢሙን አሻሸ። “አለቃ፣ በሃያ ዓመት ሥራዬ ወረቀት የሚሰርቅ ሌባ አላየሁም። ለእኔማ ሰው ወረቀት የሚሰጠኝ በግድ ነው።”

ኔሊዳ ወደ ዶክተሯ ዞረች። “ማህደሩን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?”

“ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ከዚያ አብሪልን በእንቁላል ልንመታት ሄድን።”

በሮዛሪዮ የመጨረሻ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ከፋኩልቲው ደረጃ ላይ ደረቅ ሆኖ አይወርድም። ጓደኞቹ እንቁላልና ዱቄት፣ ሰናፍጭና ኬቻፕ ይዘው ይጠብቁታል፤ መቺውም ከተመቺው ብዙም ሳይሻል ነው ቤቱ የሚገባው። አብሪል ሳኔላ ከጎን ክፍል የምትኖር ናት፤ ሰኞ ዕለት ዶክተር ሆነች።

“ቁልፍሽስ?”

“ወጥ ቤት ያለው ሰሌዳ ላይ ሰቅዬው ሄድኩ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ለእንቁላል ኪስን ባዶ አድርጎ ነው የሚኬደው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሰን ታጠብኩ፣ ትንሽ ተኛሁ። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ማህደሩን ላወርድ ብነሳ የለም።”

ኔሊዳ ከዘጠኝ እስከ አንድ ብላ ጻፈች። ከሥሩም፦ ቁልፉ የት እንደሚሰቀል የሚያውቅ ሰው።

*

የቤቱ ባለቤት ዶኛ ኦፌሊያ ጋስፓሮቲ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጓሮ አንሶላ እያሰጡ ነበር።

“ሚርላንድ እዚህ ዘጠኝ ዓመት መኖሯን ጽፈው እንዲፈርሙላት ጠይቃዎት ነበር” አለች ኔሊዳ።

“ጠይቃኛለች።”

“አልጻፉላትም።”

“እጄን ያመኛል ልጄ። ሪህ ነው።”

“አንሶላ ሲጨምቁ ግን አያምዎትም።”

ዶኛ ኦፌሊያ የአንሶላ መቆንጠጫውን ከአፋቸው አወጡ። “እንግዲህ ካወቅሽው፣ ቤቱ የሚከራይ ቤት ተብሎ አልተመዘገበም። ስሜን ወረቀት ላይ ካሰፈርኩ ማዘጋጃ ቤት በማግስቱ በሬን ያንኳኳል።”

“ማህደሩ ከጠፋ ደግሞ ደብዳቤውም አያስፈልግም” አለ ማይዳና አንሶላ አንሶላውን እያየ።

“ስማ አንተ ጢማም። ያቺን ልጅ ትኩሳት ሲይዛት እርጥብ ፎጣ እያደረግኩላት አብሬያት ያደርኩ እኔ ነኝ። መሄዷን የሚፈልግ ሌላ ቤት ፈልግ።”

ሰኞ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ተኩል በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከሦስት መበለቶች ጋር ካርታ ሲጫወቱ ነበር። ማይዳና ለሦስቱም ደወለ። ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ፣ በአንድ ዓይነት ቅሬታ ሰጡት። ዶኛ ኦፌሊያ ሁሉንም ዙር አሸንፈው ነበር የተነሱት።

*

ቶቢያስ ሌስካኖን ወጥ ቤት ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ ሲጠጣ አገኙት። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በዚሁ አገር ሰሜን፣ ቻኮ ውስጥ ተወልዶ ሕክምናውን ኩባ ተማረ፤ ዲግሪው እዚህ እንዲታወቅለት ዓመታት ደጅ ጠንቶ አምና ተሳካለት። ወደዚህ ቤት ከገባ አራት ወሩ ነው። ሳይጠየቅ ለኔሊዳም ቀዳላት።

“መታወቂያህን ልየው” አለችው።

“አይክፋህ ዶክተር” አለ ማይዳና፤ “አለቃ የመታወቂያ ቁጥር ሳትመዘግብ ሰላምታም አትሰጥም።”

ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ጻፈችው። የሚርላንድን፣ የዶኛ ኦፌሊያንም እንደዚሁ ጽፋለች።

“ሰኞ የት ነበርክ?”

“ከእነሱ ጋር፣ ደረጃው ላይ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።”

“መሃል ላይ አልሄድክም?”

“የት እሄዳለሁ? እንቁላሉ መች አስኬደኝና። ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ ተለጥፎ፣ እዚህ ታች ያለው መታጠቢያ ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜያለሁ። የፈላ ውሃ ለቀቅኩበትና ሙልጭ ብሎ ወጣልኝ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ሳነብ አመሸሁ። የሚርላንድን ነገር ስሰማ በጣም አዘንኩ፤ ጥሩ ልጅ ናት።”

“ስለ ማህደሩ ታውቅ ነበር?”

“ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ቅዳሜ ዕለት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በቀን በቀን ስታስተካክለው እራት የበላነው ቆመን ነው።”

ኔሊዳ የሰው ቃል አሳጥራ አትጽፍም። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ የፈላ ውሃ፣ ሙልጭ፣ ብላ እንዳለ መዘገበችው።

*

አብሪል በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ታስነጥሳለች። ጆሮዋ ጀርባ ዱቄት አለ።

“እንኳን ደስ ያለሽ” አለች ኔሊዳ። “ጉንፋኑ ከእንቁላሉ ነው?”

“ከውሃው ነው። በዚህ ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ቆሞ የማይታመም ማን አለ? ሚርላንድ ናት ጭንቅላቴን ይዛ ያሸችኝ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ እሷ ትስቃለች።”

እናቷ ያነሷቸውን አርባ አንድ ፎቶዎች አሳየቻት። ኔሊዳ አንድ በአንድ አየቻቸው። ቶቢያስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ላይ የዱቄት ከረጢት ታቅፎ ይታያል። እንቁላሉ ከተጀመረ በኋላ ግን የለም።

“የት ሄደ?”

“ከእናቴ ጀርባ ይሆናል። ስንመለስ አብሮን ነበር፤ ራሱ ዱቄት ብቻ ሆኖ። ይልቅ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ የነገረችኝን ልንገርሽ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ረጅም ሄይቲያዊ በራችን ላይ ቆሞ አይታለች።”

ማይዳና ሰውየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ዊልነር ዶርሴ የቤት ቀለም ቀቢ ነው። የራሱ የነዋሪነት ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል።

“ይኸው” አለ ማይዳና መኪና ውስጥ። “ሰውየው ወረቀት የለውም፤ እሷ አላት። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?”

“ሰውየውን መስማት እፈልጋለሁ።”

ዊልነር መሰላል ላይ ነበር። ወርዶ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከረና ሰማቸው።

“የሷን ወረቀት ምን ላደርግበት? ፎቶዋ እኮ አለበት። ራሴን በመስታወት አይቼ አውቃለሁ፣ ኢንስፔክተር።”

“ታዲያ በሩ ላይ ምን ትሠራ ነበር?”

“ደብዳቤ ላደርስ። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ስምንት ዓመት መዘመሯን ጽፈን ሃያ ሁለት ሰው ፈርመንበታል። ምናልባት ይጠቅማታል ብለን። ስደውል የሚከፍት ሲጠፋ በበሩ ሥር ሰደድኩት።”

ደብዳቤው እውነትም ነበር፤ ማይዳና በስልክ ሲጠይቃቸው ዶኛ ኦፌሊያ የማስታወቂያ ወረቀት መስሏቸው ጃንጥላ ማስቀመጫው ውስጥ እንደጣሉት ነገሩት። ማይዳና ወደ መኪናው ሲመለስ ትከሻው ወርዶ ነበር። ኔሊዳ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

“ስትደውል ቤቱ ጭር ያለ ነበር?”

“አልነበረም። ደረጃው ላይ ሰው ሲወርድ ሰማሁ። ደወሉን ስነካው ቆመ። ሁለተኛም ደወልኩ፤ ከውስጥ የሚተነፍስ እንኳ ጠፋ። ሰው ቤት ሆኖ የማይከፍተው ዕዳ ጠያቂ ሲመጣ ነው ብዬ ሄድኩ።”

*

ረቡዕ ጠዋት ኔሊዳ ለሚርላንድ ደወለች። “አንቺ ከተሰረዝሽ ቦታው ለማን ይሄዳል?”

“ለዘጠነኛው።”

“ዘጠነኛው ማነው?”

“ማን ያውቃል? የሚለጠፈው የመታወቂያ ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። ቁጥር አይቼ ሰው አልለይ።”

ኔሊዳ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ፊት ቆማ ደብተሯን ገለጠች። በጣቷ ወደ ታች እየወረደች ስምንትን አለፈች፤ ዘጠኝ ላይ ቆመች። ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራም አነበበችው። ከዚያ ደብተሯን ዘግታ በመጣችበት መንገድ ላይ አንድ ደርዘን እንቁላል ገዛች።

ማይዳና ከምሳ ሲመለስ አለቃው በጣቢያው መታጠቢያ ቤት ሁለት የወለል መወልወያዎች ላይ እንቁላል ስትሰብር አገኛት።

“አለቃ፣ ጡረታሽን ማን አፋጠነው?”

“ዝም ብለህ ይህን ያዝልኝ።”

ሩብ ሰዓት እንዲደርቁ ጠበቀች፤ ሰዓቷንም መዘገበች። ከዚያ አንደኛው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሌላኛው ላይ ከማንቆርቆሪያው የፈላ ውሃ ለቀቀች። በቀዝቃዛው የታጠበው ትንሽ ሲሻሽ ነጻ። የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ግን በየክሩ መካከል ነጭ ፍርፋሪ ጋገረ፤ ማይዳና በጥፍሩ ቢፍቅም፣ በሳሙና ቢያሽም አልወጣ አለው።

“በሰለ እኮ” አለ።

“በሰለ። አንተ በእንቁላል ተመትተህ ታውቃለህ?”

“እኔ ላይ ማን እንቁላል ያባክናል? ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም።”

“እኔም ፋኩልቲ አልገባሁም። ትናንት ያመለጠን ለዚህ ነው። እዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ሁሉ ግን ራሱ ይመታል፣ ጓደኛውን ይመታል፣ ያጥባል፣ ይታጠባል። ለእነሱ እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ መታጠቡ ዝናብ ያረጥባል እንደማለት ነው። በፈላ ውሃ ሙልጭ ብሎ ወጣልኝ የሚል ሰው እንቁላል ራሱ ላይ አርፎበት አያውቅም።”

ማይዳና መወልወያውን ባልዲው ውስጥ መለሰው። ከዚያ “ታች ያለውን መታጠቢያ ማየት አለብን” አለ።

“ሰው ሁሉ ከቤት ሳይወጣ በፊት ማክሰኞ አይቼዋለሁ። የፍሳሹን ወንፊት አንስቼ ነበር። ላይኛው መታጠቢያ ቤት ያለው በእንቁላል ቅርፊት ተደፍኗል፤ ታችኛው ላይ ግን ትንሽ የዱቄት ሊጥ ብቻ ነው ያለው። ያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።”

*

አሥር ሰዓት ላይ ቶቢያስ ያው ወጥ ቤት፣ ያው ወንበር ላይ ነበር። ኔሊዳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“እንቁላሉን በምን ታጠብከው ነበር ያልከኝ?”

“በሙቅ ውሃ።”

“በፈላ ውሃ ነበር ያልከው። ኩባ ውስጥ የተመረቀ ሰው ራስ ላይ እንቁላል ይወረወራል?”

ሳቅ ሊል ሞከረ። “እንቁላል በራሽን ነው የሚከፋፈለው። እንዲህ ያለውን ብክነት የሚያደርግ ሰው ጎረቤት ይጣላዋል።”

“እንዲያ ከሆነ አልፈርድብህም።” ደብተሯን ገልጣ አዞረችለት። “ይህ ማክሰኞ የሰጠኸኝ የመታወቂያ ቁጥር ነው። ይህ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታሉ ሰሌዳ የገለበጥኩት፣ ዘጠነኛው። ሰኞ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃውን ስትወርድ ሰው ደወለ፤ ቆምክ። ከፎቶዎቹም ከአራተኛው ጀምሮ የለህም።”

ቶቢያስ ቁጥሮቹን አየ።

“መፈተንህን ለምን አልነገርካቸውም?”

“ብወድቅ እንዳያዝኑልኝ። በኋላ ደግሞ እሷ ስምንተኛ እንደሆነች ስታወራ ሰማሁ።” ቴርሞሱን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። “ሰባት ዓመት ከአገሬ ርቄ ተማርኩ። ስመለስ ዲግሪህ አይታወቅም ተባልኩ፤ አራት ዓመት ማህተም ስለምን ኖርኩ። እኔ እኮ የዚህ አገር ሰው ነኝ።”

“እሷስ?”

ቶቢያስ የቴርሞሱን ክዳን አጠበቀ።

“አቃጠልከው?”

“አላቃጠልኩትም።” ፊቱ ላይ የመጀመሪያው እውነተኛ ቁጣ ታየ። “ገለጥኩት። አናቶሚ ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ያለፈችበትን አየሁ። የእያንዳንዱ ማህተም ዋጋ ስንት እንደሆነ እኔ አላውቅም? ማቃጠል አልቻልኩም፤ መመለስም አልቻልኩም። ፋኩልቲው ጥግ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለው። ሂስቶሎጂ ማስታወሻ ብዬ ጽፌበት ሰጠኋቸው።”

ማይዳና ከልቡ ተደንቆ አፉን ከፈተ። በየሴሚስተሩ ተማሪው ማስታወሻውን የሚተውበት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ማህደር ብቻ የሆነ ቤት ነው። ባለቤቱ ደግሞ ጎርፍ ቢመጣ እንኳ አንድ ወረቀት የማይጥል ሰው ነው።

“ዓርብ ከሰዓት በኋላ በራፏ ላይ ላስቀምጥላት ነበር” አለ ቶቢያስ።

“አምንሃለሁ” አለች ኔሊዳ። “እንዲያም ሆኖ ተነስ።”

*

ማህደሩ ፓቶሎጂና ባዮኬሚስትሪ መካከል ቆሞ ተገኘ። አንዲት ገጽ አልጎደለችም። ሚርላንድ ጣቢያው ድረስ ሮጣ መጥታ እጇን ስትዘረጋ ኔሊዳ ማህደሩን ወደ ራሷ ሳበችው።

“ኤግዚቢት ነው” አለች። ድምጿ ለራሷም አልጣማትም። “ዐቃቤ ሕግ ሳይፈቅድ ለባለቤቱ አይመለስም።”

“ነገ ሦስት ሰዓት ነው እኮ ቀጠሮዬ።”

“ተቀመጪ።”

ተረኛዋ ዐቃቤ ሕግ ስልኩን ያነሳችው በአራተኛው ጥሪ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ይነሳል፣ ይቆጠራል፣ ይፈረምበታል፤ ቢፈጥን አሥር ቀን ነው አለች። እስከዚያ ከመርማሪዋ እጅ አይወጣም።

“ከእጄ አይወጣም” አለች ኔሊዳ። “እጄ ግን የት ድረስ መሄድ እንደሚችል ደንቡ ይላል?”

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። “አይልም” አለች ዐቃቤ ሕጓ። “እኔም ሲል አልሰማሁም። ደህና ዋይ ኔሊዳ።”

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ የኢሚግሬሽን ቢሮው መስኮት ቁጥር ስድስት ፊት ሁለት ሴቶች ተቀመጡ። አንደኛዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራለች። ሌላኛዋ ነጭ ጓንት አጥልቃ የታሸገ ከረጢት ይዛለች።

ጸሐፊው ከመነጽሩ በላይ አያቸው። “ጠበቃዋ ነዎት?”

“አይደለሁም።”

“ዘመድ?”

“የማህደሩ ጠባቂ ነኝ። ዶክተሯ መንካት አይፈቀድላትም። እርስዎ ይጠይቁ፣ እኔ እገልጣለሁ።”

ጸሐፊው በዚህ ወንበር ላይ ብዙ ሳያይ አልቀረም፤ ትከሻውን ነቅንቆ ብቻ ጀመረ። የመጀመሪያው ፈቃድ። ኔሊዳ ገለጠች። የሦስተኛ ዓመት ምዝገባ። ገለጠች። በወረርሽኙ ዓመት አገር ውስጥ የነበረችበት ማስረጃ። የደም ልገሳ ካርዱን አወጣች፤ በዚያ ዓመት ሦስት ማህተም ነበረበት። ጸሐፊው ካርዱን ወደ ብርሃኑ አቅርቦ ሦስቱንም ቆጠረ። ኔሊዳ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መዝገብ ስታገላብጥ እንዲህ የተሰደረ ማህደር አላየችም፤ እያንዳንዱ ቀን ካለፈው ቀጥሎ፣ አንዱም ሳይዛነፍ። ከራሷ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጋር አነጻጽራው ትንሽ ቀናች። የመዘምራኑ ደብዳቤ ላይ ሲደርሱ ጸሐፊው ሃያ ሁለቱን ፊርማ አይቶ “ይህን አልጠየቅንም” አለ፤ ሆኖም አልመለሰውም፣ ከመዝገቡ ጋር አያያዘው።

አርባ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ማህተሙ ወረደ፤ አንዲት ወረቀት በመስኮቱ ቀዳዳ ወጣች። መዝገቡን ሙሉ ሆኖ አግኝተን ተቀብለናል ይላል። ሚርላንድ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

“ላቅፍዎት እችላለሁ?”

“ኤግዚቢቱን እስካሽግ ጠብቂ።”

አሸገችው። ከዚያ ታቀፈች፤ ጓንቷን ሳታወልቅ፣ ከረጢቱን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ። መስኮት ቁጥር ስድስት ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ሚርላንድ ወረቀቱን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው አውቶቡስ ስትሄድ ኔሊዳ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ፈልጋ የኤግዚቢቱን መከታተያ ቅጽ ሞላች። የተከፈተበት ሰዓት፣ የታሸገበት ሰዓት፣ የገጽ ብዛት፣ የጎደለ ካለ። የጎደለ የለም። የመጨረሻው ዓምድ ኤግዚቢቱ ከጣቢያ የወጣበትን ምክንያት ይጠይቃል። ብዕሯን አንስታ ትንሽ አሰበች፤ ረጅም ማብራሪያ መጻፍ ትችል ነበር። የጻፈችው ግን ይህን ብቻ ነው፦ የማህደሩ ባለቤት ስለፈለገችው።